ምን ፈልጎ ነው?

«ጠርጥር፤ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ማሳመሪያ ያነሣዋል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የበር ፈታሽ ግን ይኖርበት ነበር። ሠራተኛው ሁሉ «ኤክስሬይ» ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ደመወዝ ክፍሉና ሚስቱ ብቻ ናቸው እየተባለ ይቀለዳል፤ ሚስቱም ብትሆን ስትናደድበት ኤክስሬይ ነው የምትለው።

ሲፈትሽ ከእጁ በፊት ዓይኑ ይሠራል። ዓይኑን የሚያሸሽበትን ሰው ይጠረጥራል፤ ፊት ለፊት የሚያየውን ደግሞ አብልጦ ይጠረጥራል። የምሳ ዕቃ ይከፍታል፣ የጃኬት ገበር በሁለት ጣቱ መሐል እያሻሸ ያዳምጣል፣ ጃንጥላ ዘርግቶ ያራግፋል። አንድ ጊዜ ክንዱ ተሰብሮ በጄሶ የታሸገ ሠራተኛ ሲወጣ ጄሶውን ኳ ኳ አድርጎ ጆሮውን ማስጠጋቱ እስከ ዛሬ በምሳ ሰዓት ይወራል። ቤቱ ሲገባም ልማዱ ደጅ አይቀርም። ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ ዓይኑ ዘንቢሏ ውስጥ ነው። «ና ፈትሸኝ እንጂ» ትለዋለች፤ «አንድ ራስ ሽንኩርት ሰርቄ መጥቻለሁ።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ጉቦ አይቀበልም፣ የጎረቤት ሐዘን አያልፈውም፣ ለሚስቱም ታማኝ ነው። ብቻ ሰው ያለ ምክንያት ደግ ይሆናል ብሎ ማመን ሞቱ ነው። አንድ ሰው ፈገግ ብሎ ሰላም ካለው «ምን ፈልጎ ነው?» ይላል በልቡ፤ መልሱን እስኪያገኝም እንቅልፍ የለውም።

ከእግዜር ጋር ያለው ነገርም ከዚህ የራቀ አልነበረም። ሚስቱ ቤቷ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ሴት ናት፤ እሑድ እሑድ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። እሱም ይከተላታል፤ ግን ሁልጊዜ የሚቆመው በር አጠገብ ነው፤ ገቢ ወጪውን እያየ። እግዜርን ይፈራል፣ ትእዛዙንም በቻለው ይጠብቃል። አልዋጥ ያለው መዳን የሚሉት ነገር ነበር። ሠርቶ መከፈል ይገባዋል፣ አጥፍቶ መቀጣትም ይገባዋል። አንዱ አጥፍቶ ሌላው ስለሱ መሞቱን፣ ያውም ለጠላቱ፣ ያውም በነጻ መሆኑን ሲሰማ ግን እጁን ይበላዋል፤ ገበሩን ዳብሶ ማየት ያምረዋል።

«ሰው ለበደለው ሰው ይሞታል? ምን ፈልጎ?» ብሎ ሚስቱን አንዴ ጠይቋት ነበር።

«አንተን ፈልጎ ነዋ።»

«እኔን ምን ያደርገኛል?»

«እሱንስ እኔም ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ» አለችው ሚስቱ፣ መርፌዋ ውስጥ ክር ለማስገባት አንድ ዓይኗን ጨፍና።

በዚያው ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል የሚሠራ አንድ ዝምተኛ ሰው አለ። ዕድሜውን ሙሉ ክር ከቀለም በርሜል ሲነክር ስለኖረ እጆቹ እስከ አንጓቸው ሰማያዊ ናቸው፤ ሳሙናም በረኪናም አይለቃቸውም። ሰዉም «ሰማያዊ» ብሎት ቀረ። ቀልደኞቹ «ለሰማይ ቤት እጁን ቀብድ የሰጠ» ይሉታል። ከናቱ ጋር ይኖራል፤ አላገባም።

ሰማያዊና ኤክስሬይ ሰላምታ የላቸውም። ካቻምና ኤክስሬይ የሰማያዊን ቦርሳ ሲበረብር ከምሳ ዕቃው ሥር ክንድ የማይሞላ ጨርቅ አገኘ። ጨርቁን ከፍ አድርጎ ያዘው፤ ሰልፍ ላይ ያለው ሠራተኛ ሁሉ አየ። ሰማያዊ «ክፍል ኃላፊው እጅህን ጥረግበት ብሎ የሰጠኝ ቁራጭ ነው» ቢል ማን ይስማው፤ ኃላፊው ዕረፍት ላይ ነበር። ሰማያዊ ከሥራ ታገደ። ኃላፊው ሲመለስ ነገሩ እውነት ሆነና ወደ ሥራው መለሱት፤ ግን ሊሾምበት የነበረው የፈረቃ መሪነት በመሐል ለሌላ ተሰጥቶ አለፈ። ኤክስሬይ «ሥራዬን ነው የሠራሁት» አለ እንጂ ይቅርታ የሚባል ቃል ካፉ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ሰማያዊ ማታ በሩ ጋ ሲደርስ ሳይጠየቅ ቦርሳውን ይከፍታል፣ ኪሶቹን ወደ ውጭ ይገለብጣል፣ ከኤክስሬይ ራስ በላይ ወዳለው ግድግዳ እያየ ያልፋል። ይኸው ነው ንግግራቸው።

አደጋው የደረሰው ሰሙነ ሕማማት ከመግባቱ በፊት፣ የቀኑ ፈረቃ ሲወጣ ነው። ከመጋዘን ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው፤ ጥቅል ጨርቅ የጫነ መኪና ዳገቱ ላይ ቆሞ ይፈተሻል። ደንቡ ሞተር ይጠፋል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ከጎማው ሥር ታኮ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ነው ፍተሻው። የዚያን ዕለት ሾፌሩ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወረደ። ኤክስሬይ ደግሞ ከትርፍ ጎማው ጀርባ የተደበቀ ጨርቅ ይወጣል የሚል ጭምጭምታ ሰምቶ ስለነበር ደሙ ሞቋል። ታኮ እስኪመጣ አልጠበቀም። ከመኪናው ኋላ በርከክ ብሎ አንገቱን አስገባ።

መኪናው ሲንሸራተት ድምፅ እንኳን አልነበረውም። ኤክስሬይ የሚያስታውሰው ከጎኑ እንደ በሬ የመታውን ነገር ብቻ ነው። ተወርውሮ ቦዩ ውስጥ በግንባሩ ተደፋ። አፉ አፈር ሞልቶ ተነሣ፤ የገፋውን ሰው ሊመታ ጡጫውን ጨብጦ ነበር። ዞር ሲል ሰማያዊ መሬት ላይ ነው። ቀኝ እግሩ ከጎማው ሥር ነው።

ሐኪም ቤት እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ኤክስሬይ ክርኑ ከመላጡ በቀር ምንም አልሆነም። በማግስቱ ሥራ ሲገባ ሰዉ ትከሻውን እየመታ «ዳግም ተወለድህ» ይለዋል። ሻይ ጋበዙት፤ ሳይጨርሰው ተነሣ። ዳግም የተወለደ ሰው ይህን ያህል ይከፋዋል ወይ ብሎ ራሱንም ጠረጠረ። እንዲያው ዞሮ ዞሮ ወደ አንድ ነገር ይመለሳል፤ ምን ፈልጎ ነው?

የሰማያዊ ቦርሳ ግርግሩ ላይ ወድቆ ኖሮ አንዱ አንሥቶ የፍተሻ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጦታል። ኤክስሬይ ብቻውን ሲሆን በሩን ዘጋና ከፈተው። ባዶ የምሳ ዕቃ፣ ፎጣ፣ ሹራብ፣ የተቆረሰ ዳቦ። ኪሶቹን ዳበሰ። በመጨረሻ ምላጭ አምጥቶ ገበሩን ተረተረው። ምንም የለም። ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ይል ነበር። ለኤክስሬይ ግን ምንም አለመገኘት ማለት ገና አልተገኘም ማለት ነው።

ማታ ቦርሳውን ይዞ ቤቱ ገባ፤ ከበሩ ጀርባ ደብቆት ሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«ገፍቶኛል እኮ» አላት።

«አዎ፣ ገፍቶህ ነው የተረፍከው።»

«ወዴት ሊገፋኝ እንደነበረ በምን ታውቂያለሽ?»

የስፌት መኪናው ዝም አለ። «ምን ማለትህ ነው?»

«ይጠላኛል። በሰው ፊት አዋርጄዋለሁ፣ ሹመቱን አስቀርቼበታለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ሊያድነኝ ይሮጣል? ወደ ጎማው ሊገፋኝ ብሎ ስቶት ቢሆንስ? ወይ ደግሞ ዕድሜ ልኬን አንገቴን አስደፍቶ በበሩ እንዳሻው ሊወጣ ሊገባ ቢሆንስ?»

«በየትኛው እግሩ ነው የሚወጣ የሚገባው?» አለች ሚስቱ። ከዚያ በኋላ እስኪተኙ አላናገረችውም፤ እሱም ኤክስሬይ ባለመባሉ ነገሩ እንደከበደ ገባው።

ሳምንቱ ሳያልቅ የጥበቃ አለቃው አስጠራው። አለቃው ጠረጴዛው ላይ አቧራ የማይታገሥ፣ ሰው ሲያናግር ቀና የማይል ሰው ነው። የዚያን ዕለት ግን ወንበር ስቦ ሰጠው።

«ቀድሞ ጠብ ነበራችሁ አይደል?» አለ አለቃው።

«ነበረን።»

«ገፋህ?»

«ገፋኝ።»

«ለምን እንደገፋህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ።

አለቃው ይህችኑ ጽፎ አስፈረመው፤ ሲወጣም ተነሥቶ ጨበጠው። በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመኑ አለቃው ጨብጦት አያውቅም። ኤክስሬይ በኮሪደሩ ሲሄድ እጁን እያየ ነበር። አንድም ቃል አልዋሸም። ታዲያ ሰውየው ምን ፈልጎ ነው እንዲህ የተደሰተው? መልሱ ደረጃው ላይ ሲደርስ መጣለት። ጉዳቱ የሥራ ላይ አደጋ ከሆነ ታኮ ለምን አልገባም ተብሎ አለቃውም ፋብሪካውም ይጠየቃሉ። የሁለት ጠበኞች ግፊያ ከሆነ ግን ማንም አይጠየቅም፤ ሰማያዊም ያለ ካሣ ከነቁራጭ እግሩ ቤቱ ይቀራል። ኤክስሬይ ይህን አወቀ፤ አውቆም ወደ በሩ ተመለሰ። «መጀመሪያ እውነቱን ላጣራ» ብሎ ራሱን አታለለ።

የስቅለት ዕለት ፋብሪካው ዝግ ነበር። ሚስቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ እሱ የሰማያዊን ቦርሳ አነሣ። «እሱን መልሼ እመጣለሁ» አላት። ልቡ ግን ሊመልስ ሳይሆን ሊመረምር ነበር።

«የቀደድከውን ሰፍቼዋለሁ» አለች ሚስቱ በሩ ላይ። ቦርሳውን ቀድማ ማየቷን እንኳን አላወቀም ነበር።

ሐኪም ቤቱ ረጅም ክፍል ነው፤ አልጋዎቹ በሁለት ረድፍ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ። ሰማያዊ በመስኮቱ በኩል ተኝቷል። አንሶላው ከጉልበቱ በታች በአንድ ወገን ሜዳ ሆኗል። አጠገቡ አንዲት ቀጭን አሮጊት ተቀምጣለች፤ እናቱ ናት። ኤክስሬይ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«ጥርስህን ለማሳየት ነው የመጣኸው?» አለች አሮጊቷ። ማን እንደሆነ አልጠየቀችም።

«ቦርሳውን ላመጣ ነው፣ እማማ።»

ተቀበለችው። ጭኗ ላይ አድርጋ ከፈተችና ዕቃውን አንድ በአንድ አልጋው ላይ ደረደረች፤ የምሳ ዕቃውን ክዳን ገልጣ አየች፣ ፎጣውን አራገፈች። ኤክስሬይ ፊቱ ጋለ። ሌላ ሰው ቆሞ ሲፈተሽ ምን እንደሚሰማው ያን ጊዜ ነው የቀመሰው። የአሮጊቷ ጣት ገበሩ ላይ ቆመ።

«ይኼ ስፌት አዲስ ነው።»

«ተቀዶ ነበር።»

«ማን ቀደደው?»

«እኔ።»

«ተይው እማዬ» አለ ሰማያዊ። «ሻይ ካገኘሽ አምጪልኝ።»

እናቱ እየተጎተተች ወጣች። ኤክስሬይ አልተቀመጠም። ያዘጋጃቸው ብዙ ጥያቄዎች ነበሩ፤ ካፉ የወጣው አንዱ ብቻ ነው።

«እኔ መሆኔን አውቀህ ነበር?»

ሰማያዊ ጣራውን አየ። «ኮፍያህን አየሁ። ‹ይሄ ሰውዬ› አልኩ በልቤ። ከዚያ እግሬ ቀደመኝ።» ወደ ጎደለው ወገን ተመለከተና «እንደቀደመኝም ቀረ» አለ።

ኤክስሬይ አልሳቀም። «ምን ፈልገህ ነው ታዲያ?»

«ምንም።»

«ምንም መልስ አይሆንም። ሰው ለምንም ብሎ እግሩን አይሰጥም።»

«ስንት ዓመት ሙሉ ፈተሽከኝ» አለ ሰማያዊ። ድምፁ ደክሞ ነበር። «አንድ ነገር አገኘህብኝ? አሁንም አታገኝም። ሌላ ኪስ የለኝም።» ከዚያም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ቅዱስ እንዳልመስልህ። ጠዋት ስነቃ እግሬን ፈልጌ ሳጣው እቆጫለሁ። አንተንም እረግምሃለሁ። ከሰዓት በኋላ ይተወኛል።»

ከዚያ ሰማያዊ እንደ ተራ ወሬ አድርጎ፣ ከፋብሪካው ሰው መጥቶ እንደነበር ነገረው። ጉዳዩ የሥራ ላይ አደጋ እንዳልሆነ፣ ፈታሹም ገፍቶኛል ብሎ እንደፈረመ አስታውቀውታል።

ኤክስሬይ ያን ጊዜ ነው የተቀመጠው። «ይህን እያወቅህ ነው ስታናግረኝ የቆየኸው?»

«ምን ልበልህ? ገፍቼሃለሁ። አልዋሸህም።»

«እንዲህ እንደማደርግህ ያኔ ብታውቅ ኖሮ... ትገፋኝ ነበር?»

ሰማያዊ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየው። እንደ ወትሮው ግድግዳውን ሳይሆን የሱን ፊት። «ታዲያ መቼ ጠፍቶኝ ነው? አንተን አላውቅህም እንዴ? አበባ ይዘህ ትመጣለህ ብዬ ነው የሮጥኩት?»

እናቲቱ ሻዩን ይዛ ስትመለስ ኤክስሬይ ደህና ዋሉም ሳይል ወጣ። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ሱቆቹ ተዘግተዋል። እግሩ ወስዶ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጣለው፤ ከቦታው ቆመ። ውስጡ በሰው ታጭቋል። ቄሱ ስለ ፍርዱ ያስተምር ነበር። ጌታን ለመክሰስ የቆሙት ምስክሮች፣ አለ ቄሱ፣ ያመጡትን ቃል ከራሳቸው አልፈጠሩትም፤ ቤተ መቅደስን ስለ ማፍረስና ስለ መሥራት በእርግጥ ተናግሮ ነበር። ቃሉን አነሡና ልቡን ጣሉት። እሱም አልተከራከራቸውም። ሊሞት የመጣው ለነሱም ነበርና።

ኤክስሬይ ብዙ ዓመት ያን በር ተደግፎ ሲቆም ስብከቱ እንደ ዝናብ ከኮፍያው ላይ ይወርድ ነበር። የዚያን ዕለት ዘለቀው። «ገፍቶኛል» ያለውን አስታወሰ። ቃሉ እውነት ነው፤ ምስክርነቱ ውሸት ነው። እስከ ዛሬ ሲያስፈራው የኖረው የሚያድነው ሰው ከጀርባው ምን እንደደበቀ ነበር። አሁን ግን ከዚያ የከፋ ነገር ገጠመው፤ ምንም ካልደበቀስ? ገበሩ ባዶ ከሆነስ? እንግዲያስ የቀረው ያልተፈተሸ ሰው እሱ ራሱ ነው። በሩ ላይ ቆሞ እንባው ሲወርድ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ብሎ ግራ ቀኝ ማየቱን አልተወም።

በማግስቱ ቅዳሜ ፋብሪካው እስከ ምሳ ይሠራ ነበር። ኤክስሬይ አለቃው ዘንድ ገባ።

«ቃሌን ላስተካክል ነው የመጣሁት።»

«የትኛውን?»

«አላውቅም ያልኩትን። አውቃለሁ። መኪናው እየመጣብኝ ነበር፤ ሊያድነኝ ነው የገፋኝ። ታኮ አልገባም ነበር። ሳይገባ ከመኪናው ኋላ የገባሁትም እኔ ነኝ።»

አለቃው ብዕሩን አስቀመጠ። «ይህን ካልክ አንተም ከበሩ ትነሣለህ። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«ሰውየው ዘመድህ አይደለም፣ ወዳጅህ አይደለም። ምን ፈልገህ ነው?»

«ምንም።»

አለቃው ዓይኑን አጥብቦ አየው፤ መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ እጁን፣ ቀጥሎ የጃኬቱን ኪስ። ኤክስሬይ ያን አተያይ ያውቀዋል፤ የገዛ ራሱ ነው። «ምንም» ብሎ የሚናገር ሰው ከዚያ ወዲያ የሚጨምረው ነገር እንደሌለው፣ የሚያምነውም ሰው ማግኘቱ ዕድል እንደሆነ ገባው። አልተከራከረም። ፈርሞ ወጣ።

ነገሩ ብዙ ተጓተተ። በኋላ ፋብሪካው ጉዳቱን የሥራ ላይ ጉዳት ብሎ ተቀበለ፤ ሰማያዊም ተቀምጦ ቀለም የሚለካበት ክፍል ተሰጠው። ኤክስሬይ ከበር ተነሥቶ መጋዘን ገባ። ጥቅል ጨርቅ ይሸከማል፤ ማታ ማታም አዲሱ ፈታሽ እሱኑ ይፈትሸዋል። እንደሚወራው ያሉ የአንድ ነፍስ ጓደኛሞች አልሆኑም። ሰማያዊ አንዳንድ ቀን ይከፋዋል፤ ያን ቀን ኤክስሬይን ማየት አይፈልግም፣ ኤክስሬይም ይተወዋል። የፋሲካ ዕለት ግን ይህ ሁሉ ገና ነበር።

የፋሲካ ጠዋት ሚስቱ እጁን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችው። «ዛሬ እንኳን በሩን ለባለቤቱ ተውለት» አለችው። ገባ። የትንሣኤው ታሪክ ሲነበብ፣ መቃብሩን እንዲጠብቁ የቆሙት ዘበኞች ጋ ሲደረስ ጆሮው ቀና አለ። እነሱም ተከፍሏቸው ቃል ሰጥተዋል፤ ደቀ መዛሙርቱ ሰረቁት ብለዋል። ኤክስሬይ ከልጅነቱ ጀምሮ በሆዱ ከዘበኞቹ ጋር ነበር። ባዶ ቤት ሲገኝ ሰው ሌባ ይፈልጋል፤ ሥራው ነው። አሁን ግን ቃል እንዴት እንደሚሰጥ አይቷል፤ ለምን እንደሚሰጥም አይቷል። ዘበኞቹን አላመናቸውም።

ሁሉ ነገር ገባው ማለት አይደለም። ብቻ ያን ጠዋት መሐል ላይ ቆሞ፣ ግራና ቀኙ ሰው እየገፋው፣ አንድ ነገር አሰበ። ሰማያዊን ሊከፍለው አይችልም። እግር አይተካም። ዕድሜ ልኩን ቢሸከመው አይመጣጠንም፤ ሰውየውም አልጠየቀውም። የቀረለት ወይ «ምን ፈልጎ ነው?» እያለ መኖር ነው፣ ወይ ተቀብሎ መኖር ነው። መቀበሉ እንዲህ ከባድ መሆኑን ማንም አልነገረውም፤ ወይም ሲነገር በሩ ላይ ሆኖ አልሰማም። ሚስቱን ቀስ ብሎ ነካ አደረጋትና «ወደ ሐኪም ቤት እንሂድ» አላት።

ሰማያዊ አልጋው ጫፍ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል። አንዲት ነርስ ክራንች አምጥታለት ነበር፤ ገና መቆም አልጀመረም።

«ዛሬስ ምን ፈልገህ ነው?» አለች እናቱ።

«እንኳን አደረሳችሁ ልል ነው፣ እማማ።» ኮፍያውን በእጁ ጠመዘዘው። ከዚያ ወደ ሰማያዊ ዞረ። «የካቻምናውን ጨርቅ... በሰው ፊት ያደረግሁህን። የሰሞኑንም ፊርማ። ፊርማውን ትናንት አስተካክያለሁ። ይቅር በለኝ።»

ሰማያዊ በሰማያዊ እጁ አገጩን አሻሸ። «አንተ ይቅርታ እስክትለኝ ብጠብቅ ኖሮ» አለ፣ «ዛሬ ቀብርህ ላይ ነበርኩ።»

የኤክስሬይ ሚስት ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ። አሮጊቷ አልሳቀችም። ሰማያዊ ክራንቹን በአንድ ብብቱ ሥር አደረገና ሌላውን እጁን ዘረጋ።

«ና፣ ትከሻህን ስጠኝ። ቁመቴን ረስቼዋለሁ።»

ኤክስሬይ ጎንበስ አለለት። ሰውየው ሲነሣ ክብደቱ በሙሉ ትከሻው ላይ አረፈ፤ ከጠበቀው በላይ ከባድ ነበር። መጀመሪያ ተንገዳገዱ፣ ከዚያ ቆሙ።

«አጥብቀህ ያዘው» አለች አሮጊቷ ከኋላቸው። «እያየሁህ ነው።»

«ይዩኝ፣ እማማ» አለ ኤክስሬይ፤ በሁለቱ ረድፍ አልጋዎች መሐል ቀስ ብለው መሄድ ጀመሩ።